ዝምም ይነቅዛል

«ዛሬ ቀኑን በሰላም ዋለ። የተለየ ነገር የለም።»

የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች የሚኖሩበትን ማዕከል የዕለት መዝገብ የገለጠ ሰው ይህቺን አባባል ያውቃታል። አንዳንዴ «ጥሩ ስሜት ላይ ነበር» ትሆናለች፤ አንዳንዴ «በልቶ ተኛ» ብላ ታጥራለች። ገጹ ቢገለጥ እሷው፣ ወሩ ቢያልቅ እሷው ናት። የጻፈው እጅ እንኳ ሲለዋወጥ እሷ አትለወጥም።

የምትነዘንዘኝ ውሸት ስለሆነች አይደለም። ብዙ ጊዜ እውነት ናት። ያልጮኸ፣ ያልተማታ፣ ያልወደቀ ሰው «በሰላም ዋለ» ቢባል ማን ይከራከራል? ግን የምትነግረን ያላደረገውን ብቻ ነው። ከቁርስ እስከ እራት ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ የዋለውም፣ ልብሱን አጥቦ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ሰው አናግሮ የተመለሰውም እኩል ይገቡባታል።

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ለአፈኛ ሰው ደህና ምክር ነው። ማዕከል ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ያውም እንደ ነቀዘ እህል ከላይ ሲያዩት ፍሬው ሙሉ ነው፣ ጣት ሲነካው ነው ባዶነቱ የሚታወቀው። ስለ ጥራት ስናወራ ስለ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ስለ ምስክር ወረቀትና ስለ ሠራተኛ ብዛት እናወራለን። እኔ ግን ከዚህች አንዲት መስመር መጀመር የሚሻል ይመስለኛል።

መዝገቡ የተጻፈላቸውን ሰው እናስባቸው። ከብዙ ተመሳሳይ ጉዳይ ተውጣጥተው የተሳሉ ናቸውና ስም አልሰጣቸውም። ዕድሜያቸው 52 ነው። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አላቸው፤ በቃል አይናገሩም። (በነገራችን ላይ፣ ሌላ የ52 ዓመት ሰው ቢሆኑ መዝገብ ያዡ «ዋሉ» ብሎ ይጽፍ ነበር። «ዋለ» የሚለው ሆን ብሎ ለመናቅ አይደለም፤ በየቤቱ ጎልማሳው ሁሉ «ልጁ» ስለሚባል ነው። ቋንቋችን አንቱታን የሚያክል ነገር ሰጥቶን ሳለ እዚህ ስንደርስ የምንሰስተው ለምን እንደሆነ አላውቅም።)

ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን

እኚህ ሰው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ አመሻሽ ላይ የእጃቸውን አንጓ ይነክሳሉ። ሳህን ይገፋሉ። ወንበር ላይ ሲያስቀምጧቸው ተነስተው ይቆማሉ። ማዕከሉ ለዚህ ቅጽ አለው፤ ሦስት ዓምድ ያለው፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበረ፣ ምን አደረጉ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። ጥሩ ቅጽ ነው፣ በትክክል ከተሞላ። መሃለኛው ዓምድ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ንክሻው ይተረካል። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ግን «ድንገት»፣ «ያለ ምክንያት»፣ «ምንም አልነበረም» የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል።

«ያለ ምክንያት» ማለት «ምክንያቱን አላየሁም» ማለት ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ የመጀመሪያው ግን ፍለጋውን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይከፍታል። አንድ ማዕከል ከነገ ጀምሮ «ያለ ምክንያት» የሚለውን ቃል ከቅጹ ቢከለክል፣ ምንም ገንዘብ ሳያወጣ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ሌላ ወረቀት ደግሞ አለ፤ መጸዳጃ ቤቱ በር ጀርባ ላይ የተለጠፈ። ብሪስቶል የሚባለው የሰገራ መለኪያ ነው፤ ከ1 እስከ 7 በሥዕል የተከፈለ። 1 እና 2 ድርቀት፣ 3 እና 4 ደህናው፣ 7 ውሃ ማለት ነው። ቅጹ ቢሮ ያለ ዶሴ ውስጥ ነው፣ የመጸዳጃው ወረቀት በር ላይ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ነገሩ የሚዞረው አንድ የሌሊት ተረኛ ሁለቱን ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲያኖራቸው ነው። የመጀመሪያው ንክሻ የተመዘገበው፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ከተጸዳዱ በአምስተኛው ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን «7» ተጽፏል፤ ቀጥሎም «ተቅማጥ ስለያዘው የተቅማጥ መድኃኒት ተሰጠው» ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳጥኖች ባዶ ናቸው፣ ንክሻው ደግሞ በእጥፍ ጨምሯል።

ይህ ተቅማጥ አልነበረም። አንጀት በደረቀ ሰገራ ሲዘጋ፣ ከበላዩ ያለው ፈሳሽ በጎንና በጎን ሾልኮ ይወጣል። ልብስ የሚያበላሸው ያ ነው። ላየው ሰው ተቅማጥ ይመስላል፤ የተቅማጥ መድኃኒት ሲሰጥበት የተዘጋው ይብሱን ይዘጋል። ለብዙ ቀን ሳይጸዳዱ ቆይቶ ድንገት 7 ከመጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መዘጋት ነው፤ ሐኪም ሆድ ዳስሶ ሳያይ የተቅማጥ መድኃኒት አይነካም።

የመድኃኒት ዝርዝራቸው ሲታይ ሦስተኛው ወረቀት ይጨመራል። ለለሃጭ ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት አለ፤ አፍን የሚያደርቀው ጠባዩ አንጀትንም ያደርቃል። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ለ«ባሕሪው» ተብሎ የሥነ አእምሮ መድኃኒት መጠኑ ከፍ ብሏል፤ ከዚህ ወገን ያሉትም ብዙዎቹ አንጀት ያዘገያሉ። አሁን ክቡ ገጠመ፦ ሆዳቸው ሲያማቸው ይነክሳሉ፣ ሲነክሱ መድኃኒት ይጨመራል፣ መድኃኒቱ ሲጨመር ሆዳቸው ይብሳል። በዚህ መሃል ሁለት ቀን ፈዘው ተቀምጠው ስለነበር መዝገቡ ምን ይላል? «በሰላም ዋለ።»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እሳቸው ግን አልሸሸጉም። በጥርሳቸው እየተናገሩ ነበር።

ሕመሙ ከውስንነቱ ጀርባ እንዲህ ሲጋረድ «የምርመራ መጋረድ» ይባላል፣ ተጠንቶም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 ስቲቨን ሬይስና ባልደረቦቹ፣ ባለሙያዎች አንድን የአእምሮ ሕመም ምልክት የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለው ሰው ላይ ሲያዩት እንደ ሕመም የመቁጠር ዝንባሌያቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። ውስንነቱ ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል፤ «እሱ እንዲያ ነው» ይባልና ምርመራው ያልቃል። የአካል ሕመም ላይም ያው ነው። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ቃር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ያልታየ ስብራት፣ ለሴቶች የወር አበባ ሕመም፦ እነዚህ ሳይፈተሹ ስለ «አስቸጋሪ ባሕሪ» ስብሰባ መጥራት ጊዜ ማባከን ነው።

በእጅ የሚሠራው ነገር ብዙም ውስብስብ አይደለም። ብዙ ማዕከላት ሦስት ቀን ያለ መጸዳዳት ካለፈ ነርስ እንዲጠራ ይላሉ፤ የእያንዳንዱ ሰው ገደብ ግን በራሱ ዕቅድ ላይ መጻፍ አለበት፣ ለአንዱ ልማድ የሆነው ለሌላው አደጋ ነውና። ሲመዘገብ የቀረበው ኩባያ ሳይሆን የተጠጣው ይመዝገብ፤ «ሙሉ» ተብሎ ተጽፎ ግማሹ ኩባያው ውስጥ ሻጋታ ያበቀለ ብዙ አለ። ምግብ ከተበላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጀት በራሱ ይነቃነቃልና መጸዳጃ ቤት የሚኬደው ያኔ ነው። እግር ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ይቀመጣል፣ ጉልበት ከዳሌ ከፍ እንዲል። ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዶሴ ውስጥ ይግቡ።

የሥነ አእምሮ መድኃኒቱን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ባወጣው ግምት፣ በአገሪቱ ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው አዋቂዎች በቂ የሕክምና ምክንያት ሳይኖር የሥነ አእምሮ ወይም የድብርት መድኃኒት፣ አንዳንዶቹም ሁለቱንም፣ በየቀኑ ይወስዱ ነበር። በዓመቱ ይህን ለመቀነስ አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ይህን ያነበበ ቤተሰብ ግን መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ከዕለት ወደ ዕለት አያቋርጥ፤ ለዓመታት የተወሰደ መድኃኒት የሚቀነሰው በሐኪም ዕቅድ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። በድንገት ሲቆም የሚመጣው መረበሽ «አያችሁ፣ ያስፈልገው ነበር» ተብሎ ተመልሶ መጠኑ ከፍ እንዲል ምክንያት ይሆናል።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም

ይህ ተረት እውነት አለው። እንክብካቤን የሚያበላሸውም ይኸው እውነት ነው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንውሰድ። ሠራተኛዋ ብቻዋን ብትሠራው ልብሱን ጨምራ፣ ዱቄቱን አፍስሳ፣ ቁልፉን ተጭና በአምስት ደቂቃ ትጨርሳለች። ከሰውየው ጋር ቢሠሩት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ዱቄቱም ወለል ላይ ይፈሳል። ስለዚህ እሷ ታጥባለች፣ እሳቸው ይቀመጣሉ። ምግቡም እንዲሁ፣ አልጋውም እንዲሁ። ማታ ላይ ቤቱ ያብለጨልጫል፤ የቤቱ ባለቤቶች ግን ቀኑን ሙሉ ምንም አልነኩም። ያቦካው ለእራት ባይበቃስ? የተፈለገው እራቱ ብቻ ከሆነማ ሆቴል ይበቃ ነበር።

በእንግሊዝ ኬንት ዩኒቨርሲቲ በቲዛርድ ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ጂም ማንሴልና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የገፉበት አሠራር ከዚህ ይነሳል። ዝርዝሩ ሰፊ ነው፣ ሥሩ ግን አራት ነገር ነው፦ የቤቱ ማንኛውም ሥራ የመሳተፊያ ዕድል ነው፤ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ደጋግሞ ነው፤ እርዳታው ሰውየው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ ምርጫው የራሳቸው ነው።

«ጥቂት ጥቂት» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ማክሰኞ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት «የምግብ ማብሰል መርሐ ግብር» ይያዝና የቀረው ሳምንት ባዶ ይሆናል። አሠራሩ የሚለው ሌላ ነው። ሰውየው ልብስ ማጠቢያው ላይ የሚችሉት ቁልፉን መጫን ብቻ ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ሠራተኛዋ አዘጋጅታ ቁልፉን ለእሳቸው ትተውላቸዋለች። ነገ ቅርጫቱን በአንድ ጎን ይይዛሉ። ዱቄቱ ቀድሞ በትንሽ ኩባያ ተለክቶ ቢቀመጥ መፍሰሱ ይቀራል፤ ችግሩ የእጃቸው ሳይሆን የካርቶኑ ክብደት ነበር። ልብሱ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ካልሲ ማጣመር አለ፤ ቀለም ከቀለም ማግጠም ለሚወድ ሰው እሱ ሥራ አይደለም፣ ደስታ ነው።

እርዳታ መሰላል አለው። ከታች ጀምሮ፦ ዕቃውን አቅርቦ መጠበቅ፣ በጣት ማሳየት፣ አንድ ቃል መናገር፣ ራስ ሠርቶ ማሳየት፣ በመጨረሻ እጅ ከእጅ። እጅ ሲገባ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይሁን፤ የረዳቱ እጅ ከሥር ከሆነ ሰውየው በፈለጉ ጊዜ እጃቸውን ማንሳት ይችላሉ፣ ከላይ ከሆነ ግን ተይዘዋል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በንግግር ነው። «ቁልፉን ይጫኑት። ቁልፉን። ይህን፣ ቀዩን። ይጫኑት እንጂ!» ብዙ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች የሰሙትን ቃል ለማብላላት ጊዜ ይፈልጋሉ። በመሃል ሌላ ቃል ሲጨመር የጀመሩት ይቋረጥና ከመጀመሪያው ይነሳሉ። አንድ ጊዜ ተናግሮ በልብ እስከ 10 መቁጠር፤ አሥሩ ሰከንድ ለተናጋሪው ዘላለም ይመስላል፣ ስድስተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ግን እጃቸው ይነሳል። ከሠለጠነ ሠራተኛና ካልሠለጠነው መሃል በዓይኔ የሚታየኝ ትልቁ ልዩነት ይህ ዝም ማለት ነው። (አዎ፣ እዚህ ጋ ዝም አይነቅዝም።)

«አልፈልግም አለ» የሚለውም ይፈተሽ። አንዴ ተጠይቀው ፊታቸውን ያዞሩ ሰው ለዓመት «እምቢተኛ» ተብለው ይቀራሉ። ምናልባት ማሽኑ ሲዞር የሚያሰማው ጩኸት ነው ያስፈራቸው፤ ቁልፉን ተጭነው ወዲያው ክፍሉን ቢለቁ ይበቃል።

ምርጫ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። በቃል የሚናገሩ ሌላ ነዋሪ «ሰማያዊው ሹራብ ወይስ ቀዩ?» ሲባሉ «ቀዩ» ይላሉ፤ ተሰጣቸው፣ ምርጫ ተከበረ ተብሎ ተጻፈ። ጥያቄውን ገልብጠው «ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?» ቢሏቸው «ሰማያዊው» ይላሉ። የሰሙትን የመጨረሻ ቃል ነው የመለሱት። በቃል የማይናገር ሰውም ሁልጊዜ በቀኝ እጁ በኩል ያለውን ሊያነሳ ይችላል። ሁለቱን ሹራብ በእጅ ይዞ ማቅረብ፣ ከዚያ ቦታ አለዋውጦ ደግሞ ማቅረብ፤ ሁለቴ አንዱን ካነሱ እሱ ምርጫ ነው።

ሰዓቱ የማን ነው?

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ አንድ ማዕከል ሲገባ የ40 እና የ50 ዓመት ሰዎች ሁሉም ፒጃማ ለብሰው ከተገኙ፣ የፈረቃ ሰሌዳውን ማየት ሳያስፈልግ ፈረቃ የሚቀየረው 2 ሰዓት ላይ መሆኑን መገመት ይቻላል። የቀኑ ቡድን «አልብሰን አስረክበናል» ለማለት ነው። እራት 11 ሰዓት ላይ የሚቀርበውም አብሳዩ 12 ሰዓት ላይ ስለሚወጣ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን የሰዎቹ ማታ በሙሉ ለሰሌዳው ተገብሯል።

የሠራተኛ ቁጥር ሲነሳ ሁሉም «ይጨመር» ይላል። በቂ ሰው ከሌለ በእርግጥ ምንም አይሠራም። ከዚያ በላይ ግን በዚህ መስክ የተደረጉ ምልከታዎች ደጋግመው ያሳዩት፣ ቁጥር ብቻውን የነዋሪውን ተሳትፎ እንደማያሳድግ ነው፤ የሚያሳድገው ሠራተኛው የሚሰጠው እርዳታ ዓይነት ነው። ስምንት ነዋሪ ባለበት ሳሎን ሁለት ሠራተኛ ሲቆም እርስ በርስ ማውራት ይጀምራሉ። አንድ ሠራተኛ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው ጋር ወጥ ቤት ሲገባ ግን ከነሱ ጋር ከመሥራት ሌላ ምርጫ የለውም። «ማን ከማን ጋር፣ የት፣ ምን ሊሠራ» የሚለው ሦስት ደቂቃ የፈረቃ ርክክብ ይበቃዋል፤ ብዙ ቦታ ርክክቡ የሚያልቀው ማን ምን እንዳጠፋ ሲወራ ነው።

ኦቲዝም ላለው ሰው ደግሞ ማታ ማን እንደሚገባ አለማወቅ ራሱ ጭንቀት ነው። የሠራተኞች ፎቶ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፦ አሁን እገሌ፣ ቀጥሎ እገሊት። ግሩም ነገር ነው፣ አንድ ሰው ሲቀር ፎቶው እስካልተቀየረ ድረስ። ፎቶው አንዷን፣ በሩ ሌላዋን ሲያሳይ ሰሌዳው ከሌለው ይብሳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዋሸ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ፎቶ መቀየር ማን ላይ እንደተጣለ በስም ይታወቅ።

ስለ ድምፅና ብርሃን አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ ተጽፏልና። የሚንቀጠቀጥ የጣሪያ መብራት፣ የሚያጓራ ማቀዝቀዣ፣ ሲዘጋ የሚደነፋ በር፣ የበረኪና ሽታ። የወንበር እግር ሥር የሚለጠፍ ጨርቅ ከብዙ ሥልጠና ይረክሳል። ሠራተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሳሎኑ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ ምን መስተካከል እንዳለበት ራሱ ይጽፈዋል።

ሹካና የመታጠቢያ ገንዳ

ሁለት ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። አንዱ ትንታ ነው። የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው «ለስላሳ ምግብ ስጡት» የሚል ትእዛዝ ምንም ማለት አይደለም፤ የአንዱ ለስላሳ ለሌላው ድንጋይ ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 ይከፍላል። በደረጃ 5 ላይ ለአዋቂ የምግቡ ቁራጭ ውፍረት ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የተለመደ ሹካ ጥርሶች መሃል ያለው ክፍተት ያንኑ ያህል ስለሆነ ሹካው ራሱ ማስመሪያ ነው። በደረጃ 6 ቁራጩ እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በሹካ ሲጫኑት መፍረስና ሹካው ሲነሳ ወደ ቅርጹ አለመመለስ አለበት። ደረጃውን የሚወስነው የመዋጥ ችግር ባለሙያ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ግን በዋናው ምግብ ሳይሆን በመሃል ነው፤ ዕቅዱን ያላነበበ አዲስ ሠራተኛ በደግነት በሚያቀርበው ቁራሽ ዳቦ።

ሌላው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኦክስፎርድ በአንድ የሕክምና ማዕከል የሚጥል በሽታ የነበረበት የ18 ዓመት ወጣት ገንዳ ውስጥ ብቻውን ሳለ ሕመሙ ተነስቶበት ሰጠመ። በ2015 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ዳኝነት ቸልተኝነት አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ «በየ15 ደቂቃው እያየሁት ነበር» የሚለው መከላከያ አይደለም፣ ለመስጠም ጥቂት ደቂቃ ይበቃልና። ይህ ማለት ግን ክብሩ ይገፈፍ፣ በሩ ይከፈት ማለት አይደለም። ሻወር ይሻላል፤ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ዓይነት ይሁን፣ በመቀርቀሪያ ፈንታ «ሰው አለ» የሚል ምልክት ይንጠልጠል፣ ረዳቱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ያውራ። መላ ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ ሕመም 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ሰዓት ማየት ነው። በድንጋጤ ያለ ሰው አንዱን ደቂቃ አምስት፣ አምስቱን አሥር ያደርገዋል።

የተዘጋው ፎቅ

ዊንተርቦርን ቪው በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ አጠገብ የነበረ የግል ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ቢቢሲ በድብቅ የተቀረጸ ምስል አሳየ፤ ሠራተኞች ነዋሪዎችን ሲመቱ፣ ወለል ላይ ሲጫኑ፣ ሲያሾፉባቸው። 11 ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው 6ቱ ታሰሩ። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈል ነበር፤ ስለዚህ የገንዘብ እጥረት ነው የሚለው ማብራሪያ እዚህ አይሠራም። አንድ ነርስ ቀድሞ በጽሑፍ አመልክቶ ነበር፣ የሰማው አልነበረም።

ከጉዳዩ ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ዝርዝር ነው፤ ጠያቂ ቤተሰብ ነዋሪዎቹ የሚኖሩበት ላይኛው ፎቅ ድረስ እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። የእንግዳ ክፍል ነበረ፤ ነዋሪዎቹ እዚያ ይመጡላቸዋል። ቤተሰቡ ያየው በሰላም የዋለውን ሰው ነው።

ስለዚህ ማዕከል ለመምረጥ የሚሄድ ቤተሰብ ወጥ ቤቱን ሳይሆን መኝታ ክፍሉን ይጠይቅ፤ ቀጠሮ ይዞ ብቻ ሳይሆን በሌላ ቀን ሳይጠበቅም ይምጣ። የእገዳ መዝገብ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ። እገዳ ማለት ሰውን መያዝ ብቻ አይደለም፤ የተቆለፈ ማቀዝቀዣ፣ የተወሰደ ጫማ፣ የማይከፈት የጓሮ በር ሁሉ እገዳ ነው። እያንዳንዱ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደሚነሳ ተጽፎ ይገኛል? መጀመሪያ ቀን ያለው፣ መጨረሻ ቀን የሌለው እገዳ ሁሉም የረሳው እገዳ ነው። ሰውን በግንባሩ አስተኝቶ መያዝ ደግሞ ትንፋሽ ሊያሳጣ፣ ሊገድልም ይችላል፤ «እንደዚያ እንይዛለን» ያለ ቤት ላይ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

መፈተሻም አለ፣ ሰዓትና ወረቀት ብቻ የሚፈልግ። ከእራት በፊት ባለው አንድ ሰዓት አንድ ጥግ መቀመጥ። በየደቂቃው ቀና ብሎ አንድን ሰው ብቻ ማየት፤ በዚያች ቅጽበት እጁ ወይም ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አለ? ሠራተኛ እያነጋገረው ወይም እየረዳው ነው? አዎ፣ አይደለም፤ ነጥብ አድርጎ ቀጥሎ መጠበቅ። 60 እይታ ይሆናል። ተመልካች ሲኖር ሁሉም ስለሚተጋ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ይረሳል። ወረቀቱ ላይ ከስልሳው ስንቱ «አይደለም» እንደሆነ ቆጥሮ፣ የዚያኑ ቀን መዝገብ ማምጣትና ጎን ለጎን ማኖር።

የ52 ዓመቱ ሰውዬ ሆዳቸው ከተፈታ፣ የተጨመረባቸውም መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መውረድ ከጀመረ በኋላ ያለው ገጽ እንዲህ ይላል ብለን እንጨርሰው፦

«ከቀኑ 10፡20 – ቁልፉን ተጫኑ፣ ወዲያው ወጡ። 11፡05 – ሁለት ጥንድ ካልሲ አጣመሩ፤ ሦስተኛውን ጥለውት ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ አልመለስኳቸውም። ውሃ፦ ሁለት ኩባያ ተኩል ጠጡ። መጸዳጃ፦ 4። አንጓቸውን አንድ ጊዜ ነከሱ፣ ከዚያ በፊት የኋላው በር በኃይል ተዘግቶ ነበር። ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል።»